ጭስ የሌለበት ቤት

ጥር 9 ቀን 2009

ልጄ ሳጋል ሌሊት መተንፈስ አቅቷት ክሊኒክ ይዣት ሮጥኩ። የበጋው ንፋስ አቧራውን እያነሳ ከተማውን ሲሸፍነው ከሰነበተ ሳምንት አልፎታል፤ እኔ ግን ሳሏን ጉንፋን ነው ብዬ ችላ ብዬው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። አፍንጫዋ ላይ ጭምብል አድርገው በማሽን አስተነፈሷት፤ ሲነጋጋ ከንፈሯ ወደ መልኩ ተመለሰ። አራት ዓመቷ ነው። ጭምብሉን ይዛ ቤት ካልሄድኩ ብላ አስቸገረች።

ሐኪሙ አስም ነው አለኝ። «ቤት ውስጥ ምን ታጨሳላችሁ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ጅግጅጋ ውስጥ የማይጨስበት ቤት የት አለና! ከሰሉ አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ከሁሉም በላይ በስኳር የሚሠራው የቤት ማጠኛ፣ ኡንሲው አለ። እሱም የአገሩ ልጅ ነውና ማብራሪያ አልፈለገም። «ከዛሬ ጀምሮ አንድም ጭስ» ብሎ ጣቱን አነሳ።

ይህን የምጽፈው ቢሮ ነው፣ በምሳ ሰዓት፤ ለእንግዳ መመዝገቢያ ተገዝቶ አንድም እንግዳ ያልተመዘገበበት ደብተር ላይ። ለሰው የማልነግረውን ነገር በአማርኛ መጻፍ ከድሬዳዋ የትምህርት ቤት ዘመኔ የቀረ ልማዴ ነው። ቤታችን ውስጥ ፊደሉን የሚያነብ የለም። ባለቤቴ ዐብዲናስር አማርኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ያው እንደ እናቱ ነው።

ጥር 12

ለሆዮ ባቱሎ ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አማቴ ናቸው፤ አብረን ነው የምንኖረው። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣኋት ሆዮ የሚለውን ቃል አፌን ሞልቼ የጠራሁት እሳቸውን ካገኘሁ ወዲህ ነው።

በዚህ ከተማ ደኅና ኡንሲ የፈለገች ሙሽራ ባቱሎ ጋ ሂጂ ትባላለች። ስኳሩን አፍልተው፣ ዕጣኑን፣ ሰንደሉንና ሽቶውን ከተው፣ አቀዝቅዘው ሲሰባብሩት ገና ሳይጨስ ግቢውን ያውደዋል። ለገበያ የሚሠሩት ግን ሌላ ነው፣ የቤታችን ሌላ። የቤታችን ኡንሲ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። በሠርጌ በሦስተኛው ቀን አሠራሩን በጆሮዬ ነግረውኝ «ይሄ የልጄ ቤት ሽታ ነው። የገዛ እህትሽ ብትለምንሽ እንዳትሰጪ» አሉኝ። ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የሐኪሙን ቃል ስነግራቸው «የኔ ጭስ ሰው ገድሎ አያውቅም» ብለው ተቆጡ። ማታ ላይ ግን ማጨሻውን ራሳቸው ጠርገው አልጋቸው ሥር ከተቱት። «አዬዮ» ለምትላቸው የልጅ ልጃቸው የማይሆኑት የለም። አንዱን ጥያቄ ብቻ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ዐብዲናስር ሲመጣ በምን ልትቀበይው ነው?»

እውነታቸውን ነው። ዐብዲናስር አይሻ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ከጅቡቲ ለሚመጡ የጭነት መኪናዎች ሰነድ ያስጨርሳል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ይመጣል። የሚመጣ ዕለት አመሻሽ ላይ ኡንሲውን አጨሳለሁ፣ ጭሱ አጥሩን ዘሎ ጎረቤቴ ዐርዶ ጋ ይደርሳል፣ እሷም ከአጥሩ ማዶ «መጣ እንዴ?» ትላለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የማን ባል እንደገባና የማን እንደቀረ የሚያውቀው በጭሱ ነው። በዚህ ሳምንት አልመጣም። ሥራ በዝቶበታል።

ጥር 16

ኬሪያ ሱቅ ገብቼ «ሽታ ያለው፣ ጭስ የሌለው ነገር አለሽ?» አልኳት። «ጥያቄሽ እንደ መሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካላነበቡት አይገባም» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ከቶጎ ውጫሌ ከመጣ ካርቶን ውስጥ አንድ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አወጣች።

አንገቱ ጠባብ ነው፤ ውስጡ ዘይት የመሰለ ሽቶ አለው። ስምንት ቀጫጭን የሸምበቆ እንጨት አብሮት ይሸጣል። እንጨቶቹን አንገቱ ላይ ትሰኪያቸዋለሽ፣ ሽቶውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይስቡታል፣ ከጫፋቸው ወደ ቤቱ ይለቁታል። እሳት አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። «በሳምንት አንድ ጊዜ ገልብጫቸው። መስኮት ሥር አታድርጊው፣ ንፋስ ይጨርስብሻል» አለችኝ። የነጭ አበባ ሽታ ነው።

ለሐኪሙ ደወልኩለት። ልጅቷ ከምትተኛበት ክፍል አርቂው፣ ካስነጠሳት አውጪው አለ። ሳሎን፣ ከበሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ሳጋል እስካሁን ደኅና ናት።

ጥር 17

ከቢሮ ስመለስ ሆዮ ባቱሎ ክብሪት ጭረው አንዱን እንጨት ሲለኩሱት ደረስኩ። ቤቱ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። «ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቀው አላጨስም አለ፤ የረሳሽው መስሎኝ ነው» አሉ። ሰባት እንጨት ቀረን። እንደማይለኮስ ሳስረዳቸው ጠርሙሱን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ያለ እሳት የሚሸት ሬሳ ብቻ ነው» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ሳጋል እየሳቀች መሬት ላይ ተንከባለለች። ስትስቅ ደረቷ አላፏጨም።

ጥር 25

መጣ! ከወር በኋላ።

በሩ ላይ ቆሞ አሸተተና «ቤታችን ሆቴል ሆነ እንዴ?» አለ። የሳጋልን ነገር በስልክ ነግሬው ስለነበር ደግ አደረግሽ አለኝ። እሷን አዝሎ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ። ከስቷል፣ ግን ያምርበታል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ልብስ መግዛት የሚጠላ ሰው ነበር፤ እኔ ካልገዛሁለት በቀዳዳ ሸሚዝ ዓመት የሚከርም።

ስልኩን ሽንት ቤት ድረስ ይዞት ይገባል። የመኪና ሾፌሮች ሌት ተቀን ይደውሉበታል፣ ምን ያድርግ። ነገ ከአርብ ስግደት በኋላ ይመለሳል።

የካቲት 1

ትቶት የሄደውን ልብስ አጠብኩ። ሸሚዙን ውሃ ውስጥ ከመክተቴ በፊት አሸተትኩት፤ ሁሌም የማደርገው ነው፣ ለማንም አልናገርም እንጂ። የተቃጠለ ስኳርና የብርቱካን ልጣጭ። የቤታችን ኡንሲ! እንባዬ መጣ። አይሻ ሆኖም ቤቱን ለብሶት ነው የሚዞረው አልኩ። ሸሚዙን ሳላጥበው ሁለት ቀን ትራሴ ሥር አቆየሁት፣ ከዚያ ሳጋል እንዳታስል ብዬ አጠብኩት።

የካቲት 13

ሆዮ ባቱሎ ዛሬ ግቢው ጥግ፣ ሳጋል ከመዋዕለ ሕፃናት ሳትመለስ፣ ኡንሲ አፈሉ። አይሻ የምትኖር ደንበኛ አዛቸው ነው፤ በጭነት መኪና ሾፌር ይላክላታል። ስማቸው እስከ አይሻ መድረሱ እኔንም አኮራኝ። ከቢሮ አስፈቅጄ መጥቼ ስኳሩን አማሰልኩላቸው፣ ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በካርቶን አድርጌ፣ በደንብ አሰርኩት። ቋጠሮ ላይ እጄ ጥሩ ነው፤ አሥር ዓመት ፋይል ያሰረ እጅ ነው።

የብርቱካን ልጣጭ ሲጨምሩበት አየሁ። ለደንበኛ አይጨምሩም ነበር። እጃቸው ለምዶ ይሆናል። ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ሳያቸው ዞር ብለው «ንፋሱ ዓይኔን» አሉ።

የካቲት 23

በዚህኛውም ሐሙስ ቀረ። ስልኩ ዝግ ነው። እንጨቶቹን ገለበጥኩ፤ ትናንትም ገልብጫቸዋለሁ።

ዐርዶ ከአጥሩ ማዶ «የናንተ ቤት እኮ ተመቸው፣ ሰባቱንም ቀን ይሸታል! ሰውዬሽ መምጣቱንም መቅረቱንም ማወቅ አቃተን» አለችኝ። ሳቅሁላት። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ጠርሙሱ ይህንንም እንደሚሠራ ኬሪያ አልነገረችኝም።

መጋቢት 4

ሽቶው ከግማሽ በታች ወርዷል። ኬሪያ ሦስት ወር ይቆያል ብላኝ ነበርና ሄጄ ተሟገትኳት። «በሳምንት ስንቴ ትገለብጪዋለሽ?» አለችኝ። ዓይኔን ወደ መደርደሪያዋ አዞርኩ። «ቶሎ ቶሎ ከገለበጥሽው ቶሎ ያልቃል፤ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቤት አይበረክትም» ብላ ሌላ ደንበኛ አስተናገደች። ሁልጊዜ ነው የምትቀልደው።

ሆዮ በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። «እግሯ ካበጠ ጨው ትተው። ከፍ አድርጋ ትተኛ» ይላሉ። ቱሊ ጉሌድ ያለችው የእህታቸው ልጅ ነፍሰ ጡር መሆኗ ነው። ማርያም ማርያም ይላሉ ቢሮ ያሉት እነ እትዬ ጥሩነሽ ለእንዲህ ያለ ነገር፤ እኛም አላህ ያቅልልላት እንላለን። ስልኩን ሲዘጉ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምትባልበትን ቀን ያሳያት ልል ስገባ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘሁትና ተውኩት።

መጋቢት 17

ጠርሙሱ አለቀ። ኬሪያ ጋ የለም፤ ዕቃ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ሆዮ ባቱሎ «እኔ እያለሁ ሽቶ አለቀ ተብሎ ይወራል?» ብለው ተነሱ። ስኳር አፍልተው፣ የጽጌረዳ ውሃና የሽቶ ዘይታቸውን ቀላቅለው ጠርሙሱን ሞሉት። ሰባቱን እንጨት ሰክተን ሦስታችን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። ምንም። ማታም ምንም። ማር የመሰለ ነገር በምን ጉልበቱ ይውጣ፤ ስኳሩ የእንጨቶቹን ቀዳዳ ደፈነው። «እንጨቱ ሰነፍ ነው» አሉ ሆዮ። ጉንዳን ግን መጣ። ሳጋል ጉንዳኖቹን ስትቆጥር ዋለች፤ እስከ አርባ ድረስ ትችላለች።

ዛሬ እንዴት እንደወደድኳቸው!

መጋቢት 25

ትናንት መጥቶ አደረ፣ ዛሬ ሄደ። ለሳጋል አሻንጉሊት አመጣላት። እራት ላይ ስለ አይሻ ሙቀት ብቻ አወራ። «ረመዳንን ከናንተ ጋር እጀምራለሁ» ብሎኛል። ቃሉን እይዛለሁ።

ሸሚዙን አሸተትኩት። አሁንም የቤታችን ሽታ። ከበፊቱም ይበልጥ።

መጋቢት 28

እትዬ ጥሩነሽ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። አባታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚሁ የተወለዱ፣ ሶማሊኛቸው የኔን የሚያስንቅ ሴትዮ ናቸው። ሻይ ስንጠጣ ስለ ሸሚዙ አጫወትኳቸው፤ ጥሩ ነገር አድርጌ ነው የነገርኳቸው። ባሌ በሄደበት ሁሉ የቤታችንን ኡንሲ ይሸታል አልኳቸው።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ቤት ጭስ የቀረው ከመቼ ወዲህ ነው ያልሽኝ፣ ሳብሪን?»

«ከጥር ዘጠኝ።»

«ሸሚዙስ አልታጠበም?»

«ታጥቧል። ይሄኛውማ አዲስ ነው።»

 ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለው ፋይላቸውን ከፈቱ። እኔም ፋይሌን ከፈትኩ። አንድ ደብዳቤ አራት ጊዜ ስቼ አምስተኛው ላይ ወጣልኝ።

ሚያዝያ 1

ከጥር ዘጠኝ እስከ ዛሬ ሰማንያ ሁለት ቀን። ቤታችን ውስጥ ክብሪት የተጫረው ለሻይና ለወጥ ነው። ለዚያች ለአንዷ እንጨትም።

ያን አሠራር የምናውቅ እኔና ሆዮ ብቻ ነን።

ሚያዝያ 3

የራስ ምታት። አልሠራሁም። ወደ አይሻ የሄደውን ካርቶን ያሰርኩት በገዛ እጄ ነው። በደንብ ነው ያሰርኩት።

ሚያዝያ 6

ዝናብ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሳጋል ተኝታ ነበር። ሆዮ ባቱሎ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እኔም መልቀም ጀመርኩ። ቢሮ ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ እንደ ደብዳቤ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። አንዱም አልመጣልኝ።

«ሆዮ፣ የላክነው ኡንሲ ለማን ነበር?»

እጃቸው አላቆመም። ጠጠር ለቅመው ጣሉ፣ ሌላም ጣሉ። «አውቀሻል ማለት ነው» አሉ።

«ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

ነገሩኝ። ባለፈው መስከረም አይሻ ላይ ኒካህ አሥሯል። ለእሳቸውም የነገራቸው ካሠረ በኋላ ነው። ልጅቷ ሀያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሰኔ ላይ ትወልዳለች። ያበጠውም እግር የሷ ነው። ስሟን ሊነግሩኝ ሲሉ አስቆምኳቸው። ስሟን ካወቅኩ ስጠራት ልውል ነው።

«ማግባቱን ተዉት» አልኳቸው። «ሃይማኖቱ ፈቅዶለታል። ቢነግረኝ አለቅስ ነበር፣ እጮህ ነበር፣ ከዚያ ምናልባት እቀበል ነበር፤ አላውቅም። እርስዎ ግን የቤታችንን ኡንሲ ለምን ሰጧት? ለእህትሽ እንዳትሰጪ ያሉኝን?»

ያኔ እጃቸው ቆመ። «ሌላ ሴት ሌላ ጭስ አላት» አሉ። «ልጄ የማታውቂውን ጭስ ለብሶ ቢመጣ በሩን ሳያልፍ ታውቂ ነበር። የሱን ነገር መመለስ አልቻልኩም። እንዳይሸትሽ ማድረግ ግን እችል ነበር። ቤቱ ሁለት ቢሆን ጭሱ አንድ ይሁን፣ ልጄ ሳብሪን አትጎዳ አልኩ። ለሷ አዝኜ አይደለም የሰጠኋት። ላንቺ ነው።»

«ሳጋል ባትታመም ኖሮስ?»

«ባትታመም ኖሮ እስከ መቃብርሽ አታውቂም ነበር» አሉ። ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ጥሩ ሠርተው ዕድል የከዳቸው ሰው ይመስላሉ። ጠርሙሱን ያን ያህል የጠሉትም አሁን ገባኝ።

ተናደድኩ። ከዐብዲናስር ይልቅ የሳቸው ጥንቃቄ አናደደኝ። እሱ ዋሸ፤ የወንድ ውሸት ነው፣ ስልክ ያጠፋል፣ ሸሚዝ ይቀይራል። እሳቸው ግን በፍቅር ነው ያታለሉኝ፤ ለዚህ ምን ዓይነት ስድብ እንዳለ አላውቅም። ምስሩን ከነትሪው ትቼ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሳለቅስ ማንም አልሰማኝም።

ሲመሽ በሬን ቆረቆሩ። «ከቤቴ ውጡልኝ ትዪኛለሽ?» አሉ። ሳጋል ያለ እርስዎ አትተኛም አልኳቸው። እሱም እውነት ነው።

ሚያዝያ 13

ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሁለት እንግዳ እየተላለፍን ነው። ሻይ ያፈላሉ፣ እጠጣለሁ። አመሰግናለሁ እላለሁ። እንዲህ ተባብለን አናውቅም ነበር።

ለዐብዲናስር እንደማይነግሩት አስማልኳቸው። ስልክ ላይ አንድ ነገር ብለው እንዲያስጠነቅቁት አልፈልግም። ራሱ ይንገረኝ። ረመዳንን ከናንተ ጋር እጀምራለሁ ብሏል፤ ፊቴ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገር። የምፈልገው ይኸው ነው።

ሚያዝያ 26

ኬሪያ ዕቃ ገብቶላታል። የነጭ አበባውን አንስታ ልትጠቀልልልኝ ስትል ሌላ አሳዪኝ አልኳት። አምስቱን ከፍቼ አሸተትኩ። የመጨረሻው የጠጅ ሳር ሽታ አለው፣ ትንሽ መረር ይላል። ዐብዲናስር መራራ ሽታ አይወድም፤ ይህን ያስታወስኩት ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ለራሴ ብዬ የመረጥኩት ሽታ የለኝም ነበር።

እንጨቶቹ አዲስ ናቸው፤ ስምንቱም አሉ። ሁሉንም አልሰካሁም፣ አራት ይበቃል። በሳምንት አንዴ፣ እሑድ እሑድ ብቻ እገለብጣለሁ። ሳጋል አላስነጠሰችም።

ግንቦት 8

ማመልከቻውን ጻፍኩ። ለስንቱ ሰው ጽፌያለሁ፤ ለመሬቱ፣ ለጡረታው፣ ለጠፋው መታወቂያ። ለራሴ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። «ለሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ጅግጅጋ። ጉዳዩ፡- ፍቺ ስለመጠየቅ።» ሁለተኛው መስመር ላይ ብዕሬን አንድ ጊዜ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ልማድ ያዘኝና እስከ መጨረሻው ወረደልኝ። ሁለተኛ ማግባቱን አልከሰስኩም። ስምንት ወር ሙሉ ዓይኔን እያየ መዋሸቱን ነው የጻፍኩት። ማስረጃ በሚለው ሥር ግን የምጽፈው አጣሁ። ሸሚዝ አሸተትኩ ብዬ ለቃዲው ልንገራቸው? አይሻ ሄጄ የማላውቀውን ሰው ምስክር ሁነኝ ልበል? ያ ቦታ ባዶውን ቀረ።

እትዬ ጥሩነሽ ሳይጠይቁኝ ማኅተም አይጎድለውም ወይ ብለው ወረቀቱን አዩት፣ አነበቡት፣ መለሱልኝ። «ታስገቢዋለሽ?»

«ራሱ ከነገረኝ እቀደዋለሁ።»

«ካልነገረሽስ?»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት 15

ነገ እመጣለሁ ብሎ ደወለ። ረመዳን ቅዳሜ ሊገባ ይችላል። ድምፁ ደስ ይላል። አሁንም ድምፁን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

ግንቦት 16

መጣ። አመሻሽ ላይ። ስለ መኪናው ጎማ እያወራ ገባና በሩ ላይ ቆመ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ እኮ» አለ። ልለውጥ ብዬ ነው፣ ተቀመጥ አልኩት።

አንደኛውን ሻይ ቀዳሁለት። ስለ ሙቀቱ አወራ። ሁለተኛውን ቀዳሁለት። ስለ አንድ ተንኮለኛ ሾፌር አወራ፤ አሳቀኝም። ሆዮ ባቱሎ ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው በደንብ አዩት፤ አልገባውም። «አይሻ ሌላስ ምን አዲስ ነገር አለ?» አልኩት። እንዲህ አድርጌ በሩን ከፈትኩለት። «አይሻ ምን አዲስ ነገር ኖሯት ያውቃል?» አለ።

ሳጋል እየሮጠች ገብታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ፊቷን ሸሚዙ ውስጥ ቀበረች፣ አሸተተች፣ ቀና አለች። «አባዬ፣ አዬዮን ትሸታለህ» አለችው። «አዬዮ ድሮ ስታጨስ የነበረውን።»

መቁጠሪያው ቆመ።  ልጄ ከኔ በተሻለ ከፈተችለት፤ እናቱ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የቀረው።

ሳቀና ጉንጯን ሳማት። «ያረፍኩበት ሆቴል የሚያጨሱት ነው፣ እናቴ» አላት።

ሦስተኛውን ሻይ ቀዳሁለት። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። አመሰገነኝ። ደክሞኛል ብሎ ቶሎ ተኛ፣ እኔ ከሳጋል ጋር ተኛሁ።

ግንቦት 17

ማልጄ ተነሳሁ። እሱ ተኝቷል። ማመልከቻውን ከቦርሳዬ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት፤ አንድም ስህተት የለውም፣ ከዚያ ከባዶው ቦታ በቀር። ባዶውንም ቢሆን አስገባዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ አልኩ። ሳጋልን ለዐርዶ ሰጠኋት።

ወደ በሩ ስዞር ሆዮ ባቱሎ ለባብሰው ቆመው አገኘኋቸው። ለክብር ቀን የሚለብሱትን ጥቁር ሻርፕ ደርበዋል። ጫማቸውን አድርገዋል። ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል።

«ወዴት ነው ሆዮ?» አልኳቸው።

ልጃቸው የተኛበትን ክፍል አንድ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ክንዴን ያዙ።

«ምስክር ይጠይቁሻል» አሉኝ።